ቀዥቃዣው ልጅ ራሱን እንዳይጠላ፦ ከጅማ ለወላጆች

ልጄ 8 ዓመቱ እያለ ነው። ሰኔ ነበር፣ የፈተና ሰሞን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደብተሩን ዘጋና «እማ፣ እኔ ስፈጠር ነው የተበላሸሁት?» አለኝ። ክው አልኩ። ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ጀምሮ «ቀልበ ቢስ» ስለው የዋልኩት እኔው ነኝ፤ ያውም ሦስቴ።

ዛሬ 14 ሞልቶታል። ኤዲኤችዲ እንዳለበት ካወቅን 5 ዓመት አልፎናል። በአማርኛ «የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር» ልንለው እንችላለን። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እናት ነኝ። እዚህ የጻፍኩት ልጁን ዝም ስለማሰኘት አይደለም። ልጁ ስለራሱ የሚያስበው እንዳይበላሽ ቤታችን ውስጥ ምን እንደምናደርግ ነው።

ለረጅም ጊዜ የተሳሳትኩት አንድ ነገር ላይ ነው። ማታ ማታ አቅፌ «ጎበዝ ነህ እኮ» ካልኩት የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አይበቃም። ቀኑን ሙሉ «ተው፣ አቁም፣ ደግሞ ረሳህ?» ሲባል የዋለ ልጅ ማታ ቢያሞግሱት አያምንም። የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፦ የሚሰማውን ወቀሳ መቀነስና እሱ ራሱ ሊክደው የማይችለው ማስረጃ እንዲያገኝ ማድረግ።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ኤዲኤችዲ የአንጎል ዕድገት ጉዳይ ነው። ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም። ቡዳም አይደለም። በቤተሰብ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ስለ ልጁ እየሰማ «ይሄማ የኔ ታሪክ ነው» የሚል አባት ብዙ ነው። የኔ ባልም እንደዚያ ብሏል።

በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ አለባቸው ይባላል። 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሦስት ልጅ ማለት ነው። መልኩ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል። ሌላው ጸጥ ብሎ በመስኮት ያያል፣ እስክሪብቶ ይጥላል፣ የተነገረው ይጠፋበታል። ሁለቱ የተቀላቀሉበትም አለ። ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ ጸጥ ካሉት ወገን ስለሚሆኑ ማንም አያያቸውም። አይረብሹማ! «ፈዛዛ» ተብለው ያድጋሉ።

በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት አለ። እነዚህ ልጆች ጋ የአንጎል ውጫዊ ክፍል የሚበስልበት ቅደም ተከተል እንደ ሌሎቹ ነው፤ ጊዜው ግን በአማካይ 3 ዓመት ያህል ዘግይቶ ተገኝቷል። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ። የ9 ዓመቱን ልጅ እንደ 9 ዓመት ልጅ ስቆጣው የኖርኩት በከንቱ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ልጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የሚያቅተው በሰዓቱ ማድረጉ ነው። ኳስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያያል፣ የቤት ሥራ ላይ ግን አምስት ደቂቃ አይቆይም። እኛ ደግሞ ይህን አይተን «ብትፈልግ ትችላለህ» እንላለን። በኔ ግምት ከስድብ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ስድብ አይመስልማ። ልጁ ግን የሚሰማው «አውቀህ ነው» የሚለውን ነው። ሞክሮ ያቃተው ልጅ «አውቀህ ነው» ሲባል ራሱን ከመጠራጠር ውጪ ምን መንገድ አለው?

እርምጃ 1፦ በቡና ፍሬ ቁጠሩ

ጅማ ነንና ቡና አይጠፋም። አንድ ጭብጥ ጥሬ ቡና በቀኝ ኪሳችሁ ያዙ። ልጁ ከትምህርት ቤት ከመጣ ጀምሮ በወቀሳችሁት፣ ባረማችሁት፣ በጮኻችሁበት ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪስ አዛውሩ። ያመሰገናችሁት እንደሆነ ደግሞ አንዷን መሶብ አጠገብ ስኒ ውስጥ ጣሉ። ማታ ቁጠሩ።

እኔ የመጀመሪያው ቀን ግራ ኪሴ ውስጥ 41 አገኘሁ። ስኒው ውስጥ ሁለት። አንደኛዋ ደግሞ «እሺ፣ ዛሬስ ጫማህን አስረሃል» ብዬ በአሽሙር የጣልኳት ነበረች፤ አትቆጠርም።

ለሦስት ቀን ብቻ ቁጠሩ። ራሳችሁን ለመቅጣት አይደለም። ከወቀሳው ግማሹ ሊቀር የሚችል መሆኑን ታያላችሁ። «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ»፣ «እግርህን አታወዛውዝ»፣ «ምን ያንቀዠቅዥሃል» የሚሉትን እኔ ሙሉ በሙሉ ሰረዝኳቸው። እግሩን ቢያወዛውዝ ማን ሞተ? ሰው የሚጎዳውንና የማይታለፈውን ብቻ አስቀሩ።

እርምጃ 2፦ «አልፈልግም» ሲል ስሙት

ለራሱ ያለው ግምት የወረደ ልጅ «ግምቴ ወረደ» አይልም። «አልፈልግም» ይላል። «ያስጠላል» ይላል። ሊሸነፍ ሲል ጨዋታውን ያፈርሳል፣ ወረቀቱን ይቀድዳል። የቤት ሥራ የለም ብሎ ይዋሻል። ክፍል ውስጥ ቀልደኛ ይሆናል፤ ደደብ ከሚባል አስቂኝ መባል ይሻለዋላ።

አንዳንዱ በተቃራኒው ጉረኛ ነው። «እኔ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ» ይላል፣ ካርዱ ሌላ ይላል። ይህን ውሸት ብላችሁ አታጋልጡት። ብዙ ጊዜ መሸፈኛ ነው።

እርምጃ 3፦ ሐኪም ጋ ውሰዱት

እዚሁ ከተማችን ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «አእምሮ» የሚለው ቃል ያስደነግጣል፤ እኛንም አስደንግጦን አንድ ዓመት በከንቱ አልፏል። ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ደብተሮቹን ያዙ። መምህሩ ግማሽ ገጽ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክቱ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው መጀመሩን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን፣ ደግሞም ቤት ብቻ ወይም ትምህርት ቤት ብቻ አለመሆኑን ነው።

ዓይኑና ጆሮውም ይታይ። እንቅልፉም ይጠየቅ። አንድ ደግሞ እዚህ ጅማ የሚገጥመን ነገር አለ። ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞ የሆነበት ልጅ (የተገላቢጦሹም አለ) ቋንቋው ስላልገባው ብቻ የፈዘዘ ሊመስል ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ንገሩት።

መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ለብዙ ልጆች ትኩረትን በደንብ ያግዛል። ከ6 ዓመት በታች ላሉት ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ወላጅን ማሠልጠን ነው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አልከለከለም። ግን ልጁን «ሰይጣን አለብህ» የሚል ሰው ፊት አታቁሙት። ያ ቃል ከልብ አይወጣም።

እርምጃ 4፦ ለልጁ ንገሩት

ብዙ ወላጅ ይደብቃል። ልጁ ግን ከሌሎቹ እንደሚለይ ድሮ አውቋል። ስም ካልሰጣችሁት እሱ ራሱ ስም ያወጣል፣ ያወጣው ስም ደግሞ «ደደብ» ነው።

እኔ የነገርኩት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር ስንወጣ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲነገረው ይጨነቃል፤ እየሄደ ግን ይሰማል። ያልኩት ይሄን ያህል ነው፦

«አንጎልህ ፈጣን ባጃጅ ነው። ፍሬኑ ግን ገና እየተሠራ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ማቆም ስትፈልግ አይቆምልህም። ጥፋትህ አይደለም። ፍሬኑን እንዴት እንደምንይዝ ግን አብረን እንማራለን።»

ትንሽ ዝም አለና «አባቢም ባጃጅ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ አሮጌ ባጃጅ» አልኩት። እየሳቅን ወጣን።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጥፋቱ አይደለም ማለት የሚደረገው ሁሉ ይታለፋል ማለት አይደለም። ብርጭቆ ከሰበረ አብሮ ይጠርጋል። ሁለተኛ፣ የነገራችሁትን ለማን እንደሚናገር እሱ ይወስን።

እርምጃ 5፦ እንዲሳካለት አድርጋችሁ እዘዙት

ከሳሎን ሆናችሁ ወደ ጓሮ አትጩኹ። ጠጋ በሉ፣ ትከሻውን ነካ አድርጉ፣ ዓይኑን እዩ፣ አንድ ነገር ብቻ እዘዙ። «ልብስህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን አውጣ» ሦስት ትእዛዝ ነው፤ እሱ ጋ የሚደርሰው የመጨረሻው ነው፣ ከደረሰ።

የቤት ሥራን በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ቆራርጡት። በመሀል ውሃ ይቅዳ፣ ዶሮ ያባር፣ ይነሳ። የኔ ልጅ በርጩማ ላይ እየተወዛወዘ ነው የሚጽፈው። ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ለዚህ የተሠራ ይመስል! ቦርሳው ማታ ተዘጋጅቶ በር ሥር ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ጠዋት ደብተር ጠፍቶ ከመጮህ ያድናል። ያልተጮኸበት ጠዋት ደግሞ አንድ ማስረጃ ነው።

እርምጃ 6፦ ያያችሁትን ተናገሩ

«አንበሳ ነህ፣ አንደኛ ነህ፣ የሚያክልህ የለም» አትበሉ። ራሱን የሚጠራጠር ልጅ ከልክ ያለፈ ሙገሳ ሲሰማ ይፈራል። በሚቀጥለው ጊዜ እንዳያሳፍር ብሎ ከባዱን ነገር ይሸሻል። ከዚህ ይልቅ ያያችሁትን፣ በሆነበት ቅጽበት፣ በአጭሩ።

«ጎበዝ» በማለት ፈንታ፦ «ሦስተኛው ጥያቄ ሲያስቸግርህ አልተውከውም።»

«ጨዋ ልጅ» በማለት ፈንታ፦ «እህትህ ስትነካህ እጅህን መለስክ። አየሁህ።»

«ይኸው፣ ስትፈልግ ትችላለህ!» የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት። ምስጋና መስሎ የገባ ወቀሳ ነው።

ነገ አትበሉ። ለእነዚህ ልጆች ነገ ሩቅ ነው። «በዓመቱ መጨረሻ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ምንም አይሠራም። ስኒው ውስጥ የምትገባ አንድ የቡና ፍሬ ግን ትሠራለች። እኛ ቤት 10 ፍሬ ሲሞላ እራት ምን እንደሚሠራ የሚመርጠው እሱ ነው። አንዴ የገባችን ፍሬ ግን ሲያጠፋ አታውጡ። የሠራውን ሠርቷል።

እርምጃ 7፦ የቡናው ሸንጎ

እኛ ጋ ልጅ የሚዳኘው ቡና ላይ ነው። አቦል ሲጠጣ ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል። ቶና ላይ ልጆች ይነሳሉ። «የኔ ልጅማ ገደለኝ» ብሎ የሚጀምረው ማነው? እኛው ነን። ልጁ ከመጋረጃው ወዲያ ተጋድሞ ሁሉንም ይሰማል። ጎረቤቷ «አይዞሽ፣ ያኛው ልጅሽ ይክስሻል» ትላለች። እሷ ማጽናናቷ ነው። ልጁ ግን ያችን ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ልኩን ይይዛታል።

እኔ ቤት ሕግ አወጣሁ። የልጄ ጥፋት ከረከቦቱ ፊት አይነሳም። ለሚጠይቅ ሰው አንድ አጭር መልስ አዘጋጅቻለሁ፦ «ፈጣን ልጅ ነው፣ እየተማርን ነው። የናንተዎቹስ?» የምትለዋ የመጨረሻ ቃል ወሬውን ወደ ራሳቸው ትመልሳለች። እስካሁን አልከሸፈችም።

ለሽማግሌ ዘመድ ይህ አይበቃም። አማቴ «በኛ ጊዜ ኤዲኤችዲ አልነበረም፣ ዱላ ነበር» ይላሉ። አልተከራከርኩም። «አባባ፣ ባለቤቴ ልጅ ሳለ ስንት ጊዜ ተገረፈ?» አልኳቸው። «ኧረ በየቀኑ!» አሉ። «ታዲያ አቆመ?» ስል ሳቅ አመለጣቸው። ዱላ ልጁን ለጊዜው ያስደነግጠዋል፤ ትኩረት ግን አይሰጠውም።

ከዚያ ደግሞ ሸንጎውን ለእሱ አዋልነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራው እሱ ሆነ። በየበሩ እየሮጠ «ቡና ጠጡ!» ይላል። መሮጥ ነውር የማይሆንበት ሥራ ነው። ተመልሶ ፈንዲሻውን ያዞራል። አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤታችን አንድ ቀን ስኒያቸውን ይዘው «ይሄ ልጅ ባይኖር ማን ይሰበስበን ነበር?» አሉ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ከመጋረጃው ወዲያ መስማቱን ግን አረጋገጥኩ።

እርምጃ 8፦ የራሱ የሆነ አንድ ሙያ

ልጁ የሚችለው ነገር ፈልጉ። ትምህርት መሆን የለበትም። የኔው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨት ቤት ይሄዳል። በርጩማ ጠራቢው የሰፈራችን ሰው ነው። ያ አንድ ቦታ የማይረጋ ልጅ መሮ ይዞ ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን አላመንኩም። የመጀመሪያው በርጩማው ይንገዳገዳል። እቤት አለ፣ እኔ ነኝ የምቀመጥበት።

አንድ ጊዜ ፈተና ሲወድቅ «እንጨት ቤት አትሄድም» ብዬ ቀጣሁት። ሦስት ሳምንት አኮረፈ። ትክክል ነበር። ቆሞ የሚራመድበትን ብቸኛ መሬት ነበር የነጠቅኩት። ከዚያ ወዲህ ያ ቦታ በቅጣት አይነካም።

እርምጃ 9፦ መምህሩን አጋር አድርጉ

አንድ መምህር ልጄን ሰሌዳ ሥር አንበርክኮ አውሎት ያውቃል። ተናድጄ ሄጄ ነበር፣ ምንም አላተረፍኩም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር ጋ የሄድኩት በመስከረም ነው፣ ገና ጥፋት ሳይኖር። ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ከበርና ከመስኮት ርቆ ፊት ይቀመጥ። በየመሀሉ የሚያስነሳው ሥራ ይሰጠው፣ ጠመኔ ማምጣት፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ደብተር መሰብሰብ። ሲዘናጋ ደግሞ ስሙ አይጠራ፤ ዴስኩ ነካ ይደረግ። የክፍል አለቃው በሚጽፈው የረባሾች ዝርዝር ላይ ስሙ በየቀኑ የሚወጣ ልጅ ዝርዝሩን ማንነቱ ያደርገዋልና፣ ያንንም አነሳሁ።

ከዚያ ትንሽ ወረቀት ተስማማን። ሁለት ግብ ብቻ፣ ለምሳሌ «እጅ አውጥቶ መለሰ» እና «የቤት ሥራ ጻፈ»። መምህሩ ሲወጣ ምልክት ያደርጋል። 60 ተማሪ ላለው ሰው ከዚህ በላይ መጠየቅ ግፍ ነው።

እርምጃ 10፦ ጉርምስና፣ ጓደኛና ጫት

12 ወይም 13 ሲሞላ ነገሩ ይለወጣል። የናንተ ምስጋና ዋጋው ይወርዳል፣ የጓደኛ ዋጋ ይወጣል። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በጓደኛ ፊት ያፍራል። አታስገድዱት፤ ከሐኪሙ ጋር ራሱ እንዲነጋገር አድርጉ።

ጅማ ስለ ጫት ሳያወሩ ጉርምስናን ማለፍ አይቻልም። ፈተና ሲደርስ «ለማንበብ» ተብሎ ይቃማል። ትኩረት የሚያጣ ልጅ ደግሞ ሌላው የማያገኘውን ነገር ያገኝበታል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ያነባል። «ለካ እኔም እችላለሁ!» ይላል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፤ የራሱን ችሎታ ለቅጠሉ ይሰጠዋል። ከዚያ ምርቃናው ያልፋል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ድብርቱ ይመጣል፣ በማግስቱ ትኩረቱ ከበፊቱ ይብሳል። ከታዘዘለት አነቃቂ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ «ጫት ሐራም ነው» ወይም «ነውር ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ይህንኑ እንዳለ ንገሩት። ቅሞ ከተገኘም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አገኘህበት?» ነው። መልሱ «ማንበብ ቻልኩ» ከሆነ ሕክምናው እንዳልበቃው ነግሯችኋል። ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

ሴት ልጅ ካለቻችሁ ሌላ ነገር ተመልከቱ። ሌሊት ሙሉ አጥንታ ጠዋት የምታለቅስ፣ የጓደኞቿን ቃል ሁሉ የምታብሰለስል ልጅ ጭንቀቱ ወደ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በወንድም በሴትም፣ የሚወዱትን መተው፣ መብላትና መተኛት ማጣት፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» ማለት ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱ፣ ብቻቸውንም አትተዉ።

እርምጃ 11፦ ስትጮኹበት

ትጮኻላችሁ። እኔ ትናንትና ጮኼያለሁ። ስትበርዱ ሂዱና «የጮህኩት ደክሞኝ ነው፣ የተናገርኩት ልክ አልነበረም» በሉት። በጥፋቱ ላይ ያላችሁት እንዳለ ይቁም፣ ስድቡን ግን አንሱ። ልጁ ከዚህ የሚማረው የተሳሳተ ሰው ሊያስተካክል እንደሚችል ነው፤ ለእሱ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው፦ የካርድ ቀን

በሀገራችን ካርድ ላይ ከሁሉ ቀድማ የምትታየው ደረጃዋ ናት። ዘመድ ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል። ለዚህ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ካርዱን ማንም ሳያየው ከልጁ ጋር ለብቻችሁ እዩት። ከመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ጋር አስተያዩና ከፍ ያለች አንዲት መስመር ፈልጉ። ከዚያ ለሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚመልስ እሱ ራሱ ይወስን።

ባለፈው ሰኔ ከ58 ተማሪ 37ኛ ወጣ። ሒሳብ ከ43 ወደ 56 ገብታ ነበር። አጎቱ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እህ፣ ጎረምሳው! ስንተኛ?» አለው። ትንፋሼን ያዝኩ።

«37ኛ። ሒሳብ ግን 13 ጨምሬያለሁ። ስትመጣ በርጩማ እሰጥሃለሁ፣ ይሄኛው አይንገዳገድም» አለውና ስልኩን ለእኔ አቀብሎ ወጣ። ቅዳሜ ነበር።